አንድ ሄንሪ በስንት ነው?

በ1998 ዓ.ም. ደባርቅ ላይ አንድ ሄንሪ በሦስት ሩኒ ይመነዘር ነበር። ምንዛሪውን ያወጣው ባንክ አይደለም፤ እኛ የሰባተኛ ክፍል ተማሪዎች ነን፣ በእረፍት ሰዓት ከትምህርት ቤቱ አጥር ሥር ተደርድረን ፀሐይ ስንሞቅ። አንድ ፋብሪጋስ ሁለት ላምፓርድ ያመጣል። ኮሎ ቱሬን የፈለገ ጆን ቴሪን ይሰጥና እርሳስ ይመርቃል። ሴንዴሮስን የሚወስድ ሰው ከተገኘ ግን የሚያመሰግነው ሰጪው ነው። የማንቼ ደጋፊዎች «ይኸ ገበያ ሳይሆን ዘረፋ ነው» እያሉ በየቀኑ ይነጫነጩ ነበር። እውነታቸውን ነው። ግን እኛ አርሴዎቹ በቁጥር ስለምንበልጥ ሚዛኑ በእጃችን ነበር፤ ሚዛን በእጁ ያለ ነጋዴ ደግሞ እንዴት እንደሚመዝን ታውቃላችሁ።

የምንመነዝረው የኳስ ተጫዋቾችን ካርድ ነበር፤ ካርድ ስል ግን የታተመ እንዳይመስላችሁ። በሰው አገር ነገሩ ፋብሪካ አለው። ጣሊያን ሞዴና ከተማ ያለው ፓኒኒ ከ1970 (እ.ኤ.አ.) የሜክሲኮ ዓለም ዋንጫ ጀምሮ የተጫዋቾችን ምስል በፖስታ እያሸገ፣ መለጠፊያ አልበሙንም ጨምሮ ለዓለም ልጆች ይቸበችባል። የእኛ ፋብሪካ የእናቴ ማጀት ነበረ።

ጥሬ ዕቃው የስፖርት ጋዜጣ ነው። ጋዜጣው ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ሁለት ቀን በአውቶቡስ ተጉዞ ጎንደር ያድራል፤ ከዚያ ያኔ አስፋልት ባልነካው መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ አቧራ እየጠጣ፣ ዳባት ላይ ትንፋሽ ወስዶ ደባርቅ ይገባል። እሱ እስኪደርስ ቅዳሜ የተደረገው ጨዋታ ተረት ሆኗል። የሚገዛውም አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ ፀጉር አስተካካዩ። መጀመሪያ እሱ ያነበዋል፣ ቀጥሎ ወንበሩ ላይ የተቀመጠ ሁሉ ያነበዋል፣ በመጨረሻ ፀጉር የጠረገ ልጅ ይወስደዋል። በዚህ የተነሣ ያ ፀጉር ቤት ወለሉ እንደ ቤተ መንግሥት ያብረቀርቅ ነበር። አንዳንዱ ልጅ ገና ያልተቆረጠ ፀጉር ሊጠርግ ከደንበኛው እግር ሥር ተንበርክኮ ይጠብቅ ነበር።

ሥዕሉን አስተካካዩ በጣለው ምላጭ ዙሪያውን እንቆርጣለን። ዱቄት በውኃ በጥብጠን እሳት ላይ እያማሰልን እናወፍረዋለን፤ ሙጫችን እሱ ነው። ከሱቅ የለመንነውን የሳሙና ካርቶን በልኩ ቆርጠን እንለጥፍበታለን፤ ስለዚህ የአርሰናል አማካዮች በሙሉ የልብስ ሳሙና ይሸቱ ነበር። በጀርባው ስም፣ ቁጥር፣ አገርና ዕድሜ ይጻፋል። ዕድሜ ስለማናውቅ ሁሉንም 25 አልናቸው፤ ጫማ ሊሰቅል ወራት የቀሩትን በርካምፕን ጨምሮ። መጨረሻ ላይ እንዳይጨማደድ ከእናቴ መጅ ሥር ያድራል።

አንድ ንጋት እናቴ ገብስ ልትፈጭ መጁን ስታነሣ ሄንሪን ከሥሩ አገኘችው።

«ማነው ይኸ?»

«ሄንሪ ነው፣ እማዬ።»

«የማን ልጅ ነው?»

«የፈረንሳይ። ኳስ ተጫዋች ነው።»

ወደ በሩ ብርሃን ወስዳ አገላብጣ አየችው። «እናቱ አታበላውም እንዴ? ምነው እንዲህ ከሳ?» ካለች በኋላ ነገሩ ገባት። «አሃ! ዱቄቴ የሚያልቀው ይኸን ስትቀልቡ ነዋ!» ከዚያን ቀን ወዲያ ዱቄቱ ተቆለፈበት። ፋብሪካውን ወደ ጎረቤት አዛወርነው፤ በሳምንቱ የጎረቤትም ዱቄት ተቆለፈ።

በዚህ ዓይነት ከየካቲት በፊት የአርሰናልን ቋሚ አሥራ አንድ ከአንድ ሰው በቀር ሞላሁ። የጎደለኝ በረኛው ነው። በረኛ ጋዜጣ ላይ አይወጣም፤ ከወጣም ኳሱን ከመረብ ሲያወጣ፣ ጀርባውን ሰጥቶ ነው። መላው ደባርቅ ላይ አንድ የንስ ሌማን ብቻ ነበር፤ እሱም የመሪጌታው ልጅ ጋ። ጎንደር ያለ የአክስቱ ልጅ የላከለት፣ ከማስቲካ ጋር የመጣ፣ የታተመ ሌማን። የመሪጌታው ልጅ ደግሞ ማንቼ ነው። ቁልፉን ጠላት ይዞታል ማለት ነው።

እኔም ግን ባዶ እጄን አልነበርኩም። ሲነኩት የሚያዳልጥ፣ ማዕዘኑ የሾለ፣ እውነተኛ የፋብሪካ ካርድ ነበረኝ። ችግሩ ካርዱ ላይ ያለው ሰውዬ ኳስ በእግሩ የሚመታ አለመሆኑ ነው።

ያመጣልኝ አጎቴ ነው። አጎቴ ስሜን ለሚወጡ ቱሪስቶች በቅሎ ይጭናል። በ1997 ጥቅምት አንድ አሜሪካዊ ይዞ ወጣ። እንደ አጎቴ አነጋገር ሰውዬው ዋልያ ሊያይ ሁለት ውቅያኖስ አቋርጦ መጥቶ፣ ዋልያው ሲመጣ የሚያንቀላፋ ሰው ነበር። ሌሊት አይተኛማ! ሳንቃበር ላይ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት፣ በቅሎዎቹ እንኳ በብርድ ተቃቅፈው ሲቆሙ፣ እሱ ከድንኳኑ ወጥቶ የአንዲት ትንሽ ራዲዮ አንቴና ወደ ሰማይ እየዘረጋ ሞገድ ያጠምዳል። የሚያዳምጠው ቤዝቦል ነው። እዚያ አመሻሽ ላይ ሲጀምር እኛ ጋ ሊነጋ ምንም አይቀረውም።

ጥቅምት 18 ንጋት ላይ፣ ግጭ ሰፈር፣ ሰውዬው ጮኸ። አጎቴ ጅብ መስሎት ዱላ ይዞ ሲሮጥ፣ ፈረንጁ በጉልበቱ ተንበርክኮ ያለቅሳል፤ ተነሥቶ ይዘላል፤ ሄዶ በቅሎዋን አንገቷን ያቅፋል። አጎቴ ብዙ ከፍታ የመታው ሰው አይቷል፤ ግን እንዲህ የመታው አላየም። «ናላው ዞሯል» ብሎ ሰውዬውን ጭኖ ወደ ደባርቅ ሊያወርድ ኮርቻ ማጥበቅ ሲጀምር ነው አስጎብኚው ደርሶ ያስረዳው። ቦስተን ሬድ ሶክስ የሚባለው ቡድኑ ዋንጫ በልቷል። በግማሽ ፍጻሜው በኒውዮርክ ያንኪስ 3 ለ 0 ተመርቶ፣ አራቱን ተከታታይ ጨዋታ አሸንፎ ያለፈ ቡድን ነው። ዋንጫ ካየ ደግሞ 86 ዓመቱ።

ያን ዕለት ሰውዬው ለሁሉም ጉርሻ አከፋፈለ። ለአጎቴ ከብሩ ጋር ከቦርሳው ውስጥ ካርዱን አውጥቶ ሰጠው፤ ልጅ ካለህ ስጥልኝ ብሎ። አጎቴ ልጅ ስላልነበረው ለእኔ ደረሰ። ማታ ቤታችን ለአባቴ ሲያወራ ሰምቻለሁ።

«አያ፣ ሰውዬው ሰማንያ ስድስት ዓመት ጠበቅሁ ይላል።»

«ዕድሜው ስንት ይሆናል?»

«ቢበዛ አርባ።»

«ታዲያ ቀሪውን ማን ጠበቀለት?»

«አባቱ ነዋ። ከአባቱ በፊት አያቱ።»

አባቴ የጠላውን ጣሳ አስቀመጠ። «ይኸማ ጨዋታ አይደለም፣» አለ፣ «ደም ነው።»

ቀኑን በኋላ ቆጥሬ አግኝቼዋለሁ። ቦስተኖች ከዚያ በፊት ዋንጫውን ያነሡት እ.ኤ.አ. መስከረም 11 ቀን 1918 ነው፤ በእኛ መስከረም 1 ቀን 1911፣ የዕንቁጣጣሽ ዕለት። የኅዳር በሽታ አገር ሊጨርስ ሁለት ወር ሲቀረው ማለት ነው። ከዚያ ቤብ ሩት የሚባለውን ጀግናቸውን ለያንኪስ ሸጡት፤ እርግማን ወረደባቸው ይባላል። አባቴ ይህንን ሲሰማ የጠየቀው አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፤ «ጠበል አልሞከሩም?»

ካርዱ ላይ ያለው ሰው ጠይም፣ ግዙፍ፣ ዱላ ትከሻው ላይ ያጋደመ ነው። እኔ ለጓደኞቼ «ገና ተጫዋች ነው» ብዬ አስተዋወቅሁት። አባቴ ግን አልተቀበለም፤ የገና ዱላ ጫፉ ቆልማማ ነው፣ ይኸ ቀጥ ያለ የእረኛ ሽመል ነው አለ። በገበያው ላይም አልሄደልኝም። ሊገዛ የመጣ ሁሉ «ለማን ነው የሚጫወት?» ይላል፤ «ለቦስተን» ስል ጥሎኝ ይሄዳል።

አንድ ነገር ግን ከነከነኝ። ያ አሜሪካዊ ስሜን ላይ ሳለ፣ ጥቅምት 14 ቀን፣ አርሰናል ኦልድትራፎርድ ላይ 2 ለ 0 ተሸነፈ። 49 የሊግ ጨዋታ ሳይሸነፍ ቆይቶ! በአንድ ሳምንት ውስጥ የእሱ ቡድን የ86 ዓመት እርግማን ተራገፈለት፣ የእኔ ቡድን ባልታወቀ ምክንያት ወደቀ። እርግማን አይጠፋም፤ ይዛወራል። ይኸኛው በአጎቴ በቅሎ ተጭኖ ደባርቅ ገብቷል ብዬ መጠርጠር የጀመርኩት ያኔ ነው።

ወደ 1998 ልመለስ። ቻምፒዮንስ ሊጉ ጥሎ ማለፍ ደረሰ። ጨዋታው የሚታየው ከመነኻሪያው ጀርባ ባለች ዲሽ ቤት፣ ለልጅ አንድ ብር፣ ለአዋቂ ሁለት ብር ነው። መቀመጫው የባሕር ዛፍ አጣና፣ ማሞቂያው የጎረቤትህ ጋቢ። አባቴ የፈቀደልኝ አጎቴ አብሮኝ ከሄደ ብቻ ነው። አጎቴ ኳስ አይወድም፤ እንቅልፍ ይወዳል። ገና መዝሙሩ ሲጀምር ዱላውን ተደግፎ ይተኛና ጩኸት ሲቀሰቅሰው «ማን ሞተ?» ይላል። ማንም እንዳልሞተ ሲነገረው ተመልሶ ይተኛል።

የካቲት 14፣ ከምሽቱ አራት ሰዓት ከአርባ አምስት በጀመረው ጨዋታ፣ በርናቤዩ ላይ ሄንሪ የሪያል ማድሪድን ተከላካዮች እንደ ገብስ ነዶ እየገፈተረ ሄዶ አገባ። አንድ የእንግሊዝ ቡድን እዚያ ሜዳ ሪያልን ሲያሸንፍ የመጀመሪያው ነው። በማግስቱ ሄንሪ አራት ሩኒ ገባ። በመልሱ ባዶ ለባዶ ወጥተን አለፍን።

ቀጥሎ ጁቬንቱስ መጣ፤ እዚህ ላይ ገበያው ሕጋዊ ጥያቄ ገጠመው። ፓትሪክ ቪየራ በክረምቱ ወደ ጁቬ ሄዷል፤ በእጃችን ያሉት ቪየራዎች ሁሉ ግን የአርሰናል ማሊያ የለበሱ ናቸው። የኛ ነው ወይስ የነሱ? ረጅም ክርክር ተደርጎ ጨዋታው እስኪያልቅ በፊታቸው ተደፍተው እንዲቀመጡ ተወሰነ። በገብርኤል ዕለት፣ መጋቢት 19፣ ፒሬስ ከራሱ ከቪየራ እግር ኳስ ነጠቀና ፋብሪጋስ አገባ፤ ሄንሪ ሁለተኛውን ጨመረ። መልሱ መጋቢት 27 ዋለ፣ የመድኃኔ ዓለም ዕለት። እናቴ ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ ለማን እንደምትጸልይ ሳላስታውሳት አልቀረሁም። ባዶ ለባዶ! ቪየራዎች ምሕረት ተደርጎላቸው ቀና አሉ።

ግማሽ ፍጻሜው ከቪያሪያል ጋር ሚያዝያ 11፣ የሰሙነ ሕማማት ረቡዕ ላይ ወደቀ። የሕማማትን ሥርዓት የሚያውቅ ያውቀዋል፤ መሳሳም የለም፣ መጨባበጥ የለም፣ ስግደት ብቻ ነው። ዲሽ ቤቷ መግቢያ ላይ አንድ ሽማግሌ «ብታገቡም እንዳትተቃቀፉ» ብለው አስጠነቀቁን። በ41ኛው ደቂቃ ኮሎ ቱሬ አገባ። አርባ ሰው ብድግ አለ፣ አርባ ሰው እጁን ዘረጋ፣ አርባ ሰው ትዝ ብሎት እጁን ሰበሰበ። እርስ በርስ እንደ ተኳረፈ ቤተሰብ እየተያየን ቆምን። ከኋላ አንዱ ሊፈነዳ ደርሶ መሬት ወድቆ ሰገደ። ለምን እንደ ሰገደ አልጠየቅነውም፤ ቀኑ የስግደት ነውና ሕግ አልጣሰም።

ከፋሲካ ቀጥሎ ባለው ማክሰኞ፣ ሚያዝያ 17፣ ዶሮ የጠገበው ሕዝብ ተጨናንቆ ተቀመጠ። ባዶ ለባዶ እየሄድን፣ ሊያልቅ አንድ ሁለት ደቂቃ ሲቀረው ለቪያሪያል ፍጹም ቅጣት ምት ተሰጠ። የሚመታው ሪኬልሜ ነው። መብራት ሄዶ ቢሆን እወድ ነበር፤ ሁልጊዜ የሚሄደው መብራት ያን ቀን አልሄደም። ሪኬልሜ መታ፣ ሌማን ወደ ግራው ወድቆ አወጣው። አጎቴ ተነሣ። «ማን ሞተ?» «ሪኬልሜ!» አልነው። «ነፍስ ይማር» ብሎ ተኛ።

በማግስቱ ትምህርት ቤት ስደርስ የሌማን ዋጋ ሰማይ ነክቷል። አርሰናል በውድድሩ አሥር ጨዋታ በተከታታይ ጎል አልገባበትም፤ ይህ ሁሉ የእሱ ገድል ተባለ (ሁሉም አልነበረም፤ ተቀያሪው በረኛ አልሙኒያም ተሰልፎ ነበር፤ ግን ገበያ ዝርዝር አይወድም)። የመሪጌታው ልጅ ሌማንን በስኮች ሸፍኖ ደብተሩ ውስጥ አስቀምጦ፣ ለማየት ብቻ አንድ ሩኒ ማስከፈል ጀመረ። እኔ ሁለት ሄንሪ ሰጠሁት፤ አይሆንም አለ። ሁለት ሄንሪና ፋብሪጋስ፤ አይሆንም። አዲስ እስክሪብቶ ጨመርኩ፤ እስክሪብቶውን ሞክሮ መለሰልኝ።

ግንቦት 8፣ የፍጻሜው ዋዜማ፣ ልለምነው ቤታቸው ሄድኩ። አባቱ ደጅ ተቀምጠው ለቆሎ ተማሪዎች ዜማ ያስቀጽላሉ። ካርዶቼን በሙሉ መደቡ ላይ ዘረገፍኩለት። አንድ በአንድ ገፋቸው፣ ገፋቸው፣ ከዚያ ያ ዱላ የያዘው የቦስተን ተጫዋች ላይ ቆመ።

«ምን ይላል ስሙ?»

የእንግሊዝኛ ፊደል እኔ እሻል ነበር። «ዴ-ቪ-ድ... ኦርቲዝ።»

«ዴቪድ በአማርኛ ምንድን ነው?»

«ዳዊት።»

ዓይኑ በራ። ዱላውን በጣቱ ተከተለ። «ዳዊት እረኛ ነው። ዱላ የያዘው ለዚያ ነዋ!» አለ። ቤዝቦል የሚባል ነገር እንዳለ ልነግረው አፌን ከፈትኩ፤ መልሼ ዘጋሁት። ነጋዴ ነኝ። ኦርቲዝን ከአንድ ሄንሪ ጋር ሰጥቼ ሌማንን ወሰድኩ። ያን ሌሊት ከትራሴ ሥር አድርጌ ተኛሁ። እርግማኑን ለማንቼ አሻግሬ፣ በረኛውን ለራሴ አድርጌ፣ በዓለም ላይ ከእኔ የሚበልጥ ብልጥ አልነበረም።

ግንቦት 9፣ ረቡዕ፣ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ከአርባ አምስት፣ ፓሪስ አጠገብ ሳን ዴኒ። ተጋጣሚ ባርሴሎና። ሌማንን በደረት ኪሴ፣ በልቤ በኩል አድርጌ የፊት አጣና ላይ ተቀመጥኩ። በ18ኛው ደቂቃ ኤቶ ብቻውን አመለጠ፣ ሌማን ከግቡ ወጥቶ እግሩን ያዘው፣ ኖርዌያዊው ዳኛ ቴርዬ ሃውጌ ወደ ኪሱ እጁን ሰደደ። ቀይ ካርድ። በዚህ ዋንጫ ፍጻሜ ታሪክ በቀይ የወጣ የመጀመሪያው ተጫዋች የእኔ ሌማን ሆነ። ባለቤቱ ከሆንኩ አንድ ቀን ተኩል አልሞላኝም።

ዲሽ ቤቷ ጸጥ አለች። አጎቴ ከጩኸት ይልቅ ዝምታው ቀሰቀሰው መሰለኝ ተነሣ። «ማን ሞተ?» ማንም አልመለሰለትም። ዙሪያውን አይቶ፣ ፊታችንን አይቶ፣ ጋቢውን ወደ ትከሻው ሳብ አደረገና ለመጀመሪያ ጊዜ ተመልሶ ሳይተኛ ቀረ።

ለአልሙኒያ ቦታ ለመልቀቅ ፒሬስ ወጣ። ፈረንሳዊ ሰው፣ በፈረንሳይ ምድር፣ ለአርሰናል በሚጫወተው የመጨረሻ ጨዋታ። በአሥር ሰው ሆነን እንኳ ካምቤል በ37ኛው ደቂቃ በግንባሩ አገባ። እኔ ያን ጊዜ ምን እንዳደረግሁ አላስታውስም፤ አጠገቤ የነበረው ልጅ ግን ክንዱ ላይ የጥርሴ ምልክት ለሳምንት እንደነበረ ይናገራል። እስከ 76ኛው ደቂቃ መራን። በውድድሩ ጎል ሳይገባብን የቆየንበት ጊዜ 995 ደቂቃ ላይ ደርሶ ነበር። ኤቶ አገባ። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ቤሌቲ፣ ከዚያ በፊት ለባርሳ አንድም ጎል አግብቶ የማያውቅ ተከላካይ፣ በአልሙኒያ እግሮች መሃል አሾለከው። 2 ለ 1።

ስንወጣ ካፊያ ነበር። አጎቴ በመንገዳችን ላይ ብዙ ዝም አለና «ያ የእኔ ፈረንጅ ሰማንያ ስድስት ዓመት ነበር የጠበቀው» አለኝ። ማጽናናቱ ነው።

በማግስቱ ገበያው ተከፈተ። ሌማንን የሚወስድ ጠፋ፤ በሴንዴሮስ እንኳ። የመሪጌታው ልጅ ግን አላፌዘብኝም፤ ይኸ ነው ያበሳጨኝ። ብቻ ከሩቅ ሲያየኝ እጁን ወደ ኪሱ ይሰድና ቀስ አድርጎ ባዶ እጁን ወደ ላይ ያነሣል፣ እንደ ሃውጌ።

ከዚያ የሆነውን ታሪክ ያውቀዋል። ማንቼ ሦስት ዓመት በተከታታይ ሊግ በላ፣ በመሃሉም የአውሮፓን ዋንጫ አነሣ። አርሰናል እስከ 2006 ግንቦት፣ ሀል ሲቲን 2 ለ 0 ከመመራት ተነሥቶ 3 ለ 2 እስኪያሸንፍ ድረስ፣ ዘጠኝ ዓመት ያለ ዋንጫ ቆየ። እርግማኑን አሻገርኩ ስል ያሻገርኩት በረከቱን ኖሯል። እርግማኑ ራሱ ስኮች ተለጥፎበት ኪሴ ውስጥ ነበር።

በ2014 ነሐሴ አዲስ አበባ ቢሮዬ ተቀምጬ አንድ ዜና አነበብኩ። የ1952 (እ.ኤ.አ.) የሚኪ ማንትል የቤዝቦል ካርድ 12.6 ሚሊዮን ዶላር ተሸጠ ይላል። በያኔው ምንዛሪ ከግማሽ ቢሊዮን ብር በላይ ነው! ለአንድ ካርቶን! ያንን ካርድ ያተመው ቶፕስ የሚባለው ኩባንያ ደግሞ ሳይሸጥ የተረፈውን ክምችት እ.ኤ.አ. በ1960 በጀልባ ጭኖ ባሕር ውስጥ ደፍቶታል። ቦታ አጣበበ ብሎ። እናቴና ያ ኩባንያ በአንድ ልብ ነው የሚያስቡት። እኔ ግን ያን ሌሊት እንቅልፍ አጣሁ። ኦርቲዝ ከማንትል በስንት ያንሳል? ፈልጌ አየሁት፤ የዚያ ዘመን ተራ የኦርቲዝ ካርድ ከአንድ ክትፎ ያነሰ ነው የሚያወጣ። ቢሆንም ሰው ተስፋ አይቆርጥም፤ ተራ ባይሆንስ?

ለ2015 ጥምቀት ደባርቅ ወጣሁ። የመሪጌታው ልጅ ዛሬ ቄስ ነው። ታቦት በገባ በማግስቱ አገኘሁት፤ መስቀሉን አሳለመኝ። አጠራሩ አስቸገረኝ፤ «አንቱ» ልበለው ወይስ «አንተ»? በመጨረሻ በመሃላችን ስምምነት ሆነ፤ ስለ ቤተ ክርስቲያን ስናወራ አንቱ፣ ስለ ኳስ ስናወራ አንተ። እሑድ ጥር 14 ቤቱ ጠራኝ። ያን ምሽት አርሰናልና ማንቼ ይጋጠማሉ፤ አርሴ ሊጉን እየመራች ነው። (ያን ሊግ 248 ቀን መርታ ለማንቸስተር ሲቲ እንዳስረከበች አሁን እናውቃለን፤ ያኔ ገና ጥር ነበር፣ ደረቴን ነፍቼ ነበር የገባሁት።)

«ሚያዝያ ይምጣ» አለኝ ጠላ እየቀዳ።

ከኪሴ ሌማንን አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ። ስኮቹ ቢጫ ሆኗል። አየውና እጁን ወደ ኪሱ ሰደደ፤ አሥራ ሰባት ዓመት ሙሉ አልረሳትም።

«እንመላለስ» አልኩት። «ዳዊቱን ስጠኝ።»

ሳቁ ቆመ። ተነሥቶ ከግድግዳው ላይ ማኅደሩን አወረደና የአባቱን ዳዊት አወጣ። ካርዱን ያን ዕለት እዚያው ውስጥ እንደከተተው ነገረኝ፤ ዳዊት ከዳዊት ጋር ይሁን ብሎ። ዓመታት የንባቡ ምልክት ሆኖ አገልግሏል። በ2005 ዓ.ም. ግን የመጽሐፉ አንዱ ገበታ ተሰነጠቀና ለድጉሰት ሰጡት። ደጓሹ ስንጥቁን የሚደግፍበት ጠንካራ ነገር ሲፈልግ መሃሉ ላይ አንድ ካርቶን አገኘ፤ ከቆዳው ሥር አድርጎ ሰፋው።

«2005?» አልኩ። «ፈርጉሰን የለቀቀበት ዓመት?»

«እሱን ተወው» አለ።

ከዚያ ወዲህ ማንቼ ሊግ አልበላም። ሁለታችንም ይህን አሰብን፣ ሁለታችንም አልተናገርንም። ለአንድ አፍታ ዓይኑ ወደ ቢላዋው ሄደ መሰለኝ፤ ወይም የእኔ ነው የሄደው። ከዚያ መጽሐፉን በሁለት እጁ ይዞ ወደ እኔ ዘረጋው። በአውራ ጣቴ የኋላ ቆዳውን ዳሰስኩት። ከሥሩ የካርዱ ማዕዘን፣ አሁንም ሹል እንደሆነ፣ ይሰማል።

«ተሳለም እንጂ» አለኝ።

ተሳለምኩ። የትኛውን ዳዊት እንደተሳለምኩ እሱም አልጠየቀኝም፣ እኔም አልነገርኩትም፤ ጨዋታው ሊጀምር ሩብ ሰዓት ቀርቶት ነበርና ጋቢያችንን አንሥተን ወጣን።